መሬቱ ደህና ነው

ጥቅምት 6

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያ ከስልክ ጋር የተጣላው ጆሮዎስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ሳል ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። «ለወንድሜ የሳሉን ነገር እንዳትጽፊ» ስላለችኝ ጽፌዋለሁ። ሥራ ቦታ ወረቀት አውጥቼ ስቀመጥ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጋሼ፣ የምሥራች አለኝ። ከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሊተክል ነው። ለጊዜው በራሱ ግቢዎች ብቻ ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ ማቆሚያ፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በስታዲየሙ፣ በጤና ጣቢያው፣ በአውቶቡስ ጋራዡ፣ በአዲሱ አዳራሽና በመዋኛው። የቡድኑ ኃላፊ ማን ሆነ ቢሉኝ፣ እኔ! አለቃችን በስብሰባ መሐል ተነሥቶ «የቀይ እርሳስ የእህት ልጅ ናት፤ ሥራው በደሟ ነው» ሲል መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። እርስዎ ከሄዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፣ እዚህ ግን ዛሬም ቀይ እርሳስ ነዎት።

ስሙ እንዳይረሳ ያደረጉት የኤሌክትሪክ ፓኔሎቹ በሮች ናቸው። በሩን ስንከፍተው ከውስጥ በኩል በእጅ ጽሑፍዎ «መሬቱ ደህና ነው» ይላል፣ ከሥሩ ቀኑና ፊርማዎ። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ የድሮው ካርታ ሁሉ በስብሷል፤ የቀረን የእርስዎ ቀይ ጽሑፍ ነው። እንደ ደንብም ሆኗል። ቀዩ ጽሑፍ ካለ የመሬት ሽቦው አይለካም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ካቻቢቴ ሳይሰጠው በፊት የሚነገረው ይህ ነው።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ከመንገዱ የወጣ ኤሌክትሪክ መሬት የሚገባበት ሽቦ ካጣ በሰው ያልፋል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የእኛ የመሬት መለኪያ ግን ከተሰበረ ቆይቷል። ግዢ ክፍል ሄጄ ብጠይቅ «በሚመጣው በጀት» አሉኝ። ከሰባቱ ግቢዎች በስድስቱ ጽሑፍዎ ስላለ አልሰጋም፤ አዳራሹ ግን አዲስ ነው። እዚያ አገር መለኪያ በቀላሉ ይገኛል ይላሉና አንድ ቢልኩልኝ ውለታዎ አይረሳም።

የድሮ ረዳትዎ ጋሽ አምፖል ሰላም ብሎዎታል። አሁን የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ነው። ራሱ ላይ አንድ ፀጉር አልበቀለም፤ ስሙን እንደጠበቀ ነው።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ያወጡልኝን ስም የምወደው ብልጭታ


ህዳር 19

ለእህቴ ልጅ ለብልጭታ፤

ፈጣሪ እጅሽን ከእሳት፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። የጀመርሽውን ያስጨርስሽ። ለእናትሽ ሳሉን እንደሰማሁ አትንገሪያት፣ ማር በሎሚ ትጠጣ በያት እንጂ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእህቴ ልጅ ኃላፊ ሆነች ብዬ ለማን ልንገር? አጠገቤ ያለው የቲኬት ማሽን ብቻ ነው፣ ለሱ ነገርኩት። የምሠራው የከተማው ንብረት በሆነ ምድር ቤት ማቆሚያ ነው። ቀን ከሌት መብራት የሚበራበት፣ ፀሐይ ወጥታ መግባቷን ከሰው ልብስ የምትለዪበት ቦታ ነው። እዚህም አሥራ ሁለት ቻርጅ ማድረጊያ አለ። የእኔ ሥራ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሞላለትን መኪና ባለቤት «በቃህ፣ አንሣ» ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መብራት ሳስገባ ኖሬ በስተርጅና ተራ አስከባሪ ሆንኩ። ባለፈው ሁለት ክራባት ያሰሩ ሰዎች በአንድ ገመድ ተናነቁ። የሚሰዳደቡት ባይሰማኝም ከአፋቸው አከፋፈት ጥሩ እንዳልሆነ ገባኝ።

መለኪያውን እፈልግልሻለሁ። ውድ ቢሆንም ለአንቺ አይከፋኝም።

አንድ ምክር ግን ልስጥሽ። ከሰባቱ መዋኛውን የመጨረሻ አድርጊው። ውሃ ያለበት ቦታ ነው፣ ልጆች በእርጥብ እግራቸው የሚሮጡበት ነው። መለኪያው ሳይደርስሽ እዚያ እጅሽን አታስገቢ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ የሽማግሌ ስጋት ነው በይው።

አምፖል የመዋኛውን ነገር ሲሰማ ምን አለ? እስቲ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ


ታህሳስ 24

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙልኝ? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ማሩን ጠጥታ ሎሚውን ለጎረቤት ሰጠች።

አምስቱን ግቢ ጨርሰናል፤ አዳራሹ መለኪያውን ይጠብቃል። ወገብ የሚደርስ የብረት ሳጥን ነው፣ ከጎኑ ወፍራም ጥቁር ገመድ ይንጠለጠላል፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ መብራት አለው። መኪናው ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የመሬት ሽቦውን ራሱ ይፈትሻል። ደህና ከሆነ አረንጓዴ ያበራና ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሲበራ ጋሽ አምፖል አጨበጨበ። እርስዎ የጻፉበት ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ቡድኑ በሙሉ «አላልንም?» አለ።

መዋኛው ላይ ግን ቀይ በራ። «መሬት የለም» ብሎ ጻፈ። ነቀልነው፣ ገጠምነው፣ ሳጥኑን በሌላ ሳጥን ለወጥነው፣ ያው ቀይ ነው። የፓኔሉን በር ከፈትኩት። ጽሑፍዎ ቁጭ ብሏል፣ ሊያውም ከሁሉ ይልቅ የደመቀው እሱ ነው። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሽማግሌያችን «እኔ ከቀይ እርሳስና ከዚህ ቆርቆሮ ማንን ልመን?» ብሎ ሣቀ። ሁሉም ሣቁ። እኔ ግን አልሣቅሁም።

የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት ዘንግ የተቀበረበትን ቆፍሬ እንዳላይ ቦታውን የሚያሳየው ካርታ በስብሷል። ጋሽ አምፖልን «አብራችሁ ቀብራችሁታል፣ የት ነው?» ብዬ ብጠይቀው ስለ ጉልበቱ ሕመም ጀመረልኝ። ስለ መዋኛው ምን አለ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ይኸው፣ ይህን አለ። አምፖል ከመቼ ወዲህ ነው ወሬ የሚያስቀይረው?

እናም ጋሼ፣ መዋኛውን የመጨረሻ አድርጊ ያሉኝ ትዝ አለኝ። የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። የሚዋሸው ማሽኑ ነው ወይስ እርሳሱ? ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። መለኪያውም እስካሁን አልደረሰኝም።

መልስዎን የምትጠባበቅ
ብልጭታ


ጥር 18

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። መልስ ባላገኝም ደግሜ ጻፍኩ። በስልክም አጭር መልእክት ልኬልዎት ነበር፤ ስልኬ «ተነቧል» ይላል። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። እማዬም ሰግታለች።

እዚህ ነገሩ ጠቧል። ከንቲባው ምርቃቱ የሚደረገው በመዋኛው ነው ብለዋል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ስለተቀባ ለፎቶ ያምራል ተብሎ። ቀኑ የካቲት 8 ነው። አለቃችን ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋና «ሳጥኑ ውስጥ መላሹን ሽቦ ከመሬቱ ሽቦ ጋር አጋጥሚያቸው፣ ማሽኑ ዝም ይላል» አለኝ። እርስዎ ያውቁታል፣ ማሽኑን መሸንገል ነው። ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበትን ሽቦ መሬት ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ ነው።

«ሰው ይሞታል» አልኩት።

«ቀዩ ጽሑፍ አለ አይደል? መሬቱ እኮ አለ። የሚያስቸግረው ማሽኑ ነው።»

አየሁት፣ ከልቡ ነው። ነገሩን ሳስበው እሱም ልክ ነው። ጽሑፍዎ እውነት ከሆነ ባጋጥማቸውም አደጋው ትንሽ ነው። ሐሰት ከሆነ ግን መላሹ ሽቦ ምሰሶ ላይ የተላቀቀ ቀን ሳጥኑን የነካ ይሞታል። እንግዲህ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው እርስዎ በሚሉት ላይ ነው። ይህንን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ መጻፍ አልችልም።

ጋሽ አምፖል ደግሞ ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ። ቤተ መጻሕፍቱን የመሰለ ደረቅና ሙቅ ቦታ ትቶ ወደ መዋኛው ካልተዛወርኩ ብሎ ተዛወረ። የጥበቃ ቤት ስለተሰጠው ከነባለቤቱ እዚያው ገብቷል። በየማለዳው ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ምንም ያልበቀለበት መሬት ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ያፈሳል። «ምን ዘርተህ ነው?» ስንለው «ከበቀለ ታያላችሁ» ይላል። አረጀ መሰለኝ።

እባክዎ ይጻፉልኝ።

ብልጭታ


የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፤

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ዘመንሽ የሰላም ይሁን።

አልታመምኩም፣ ደህናም አይደለሁም። መልእክትሽን አይቻለሁ፤ ጣቴ ለዚያ ለደቃቃ ፊደል አይሆንም። ደብዳቤ ደግሞ ስጀምር ስተወው፣ ስጀምር ስተወው ይኸው ወሩ አለቀ። መለኪያውን ገዝቼ በፖስታ ልኬዋለሁ። እስኪደርስሽ ጠብቂ። ከንቲባም ቢሆን ይጠብቅ።

ስለ ጽሑፉ ጠይቀሽኛል። እኔ የጻፍኩት በጊዜው ልክ ነበር። ይሁን እንጂ ሃያ ምናምን ዓመት ትንሽ አይደለም። ብረት ይዝጋል፣ መሬትም ይደርቃል። የሰው እጅ ጽሑፍ ለዘላለም አይታመንም፣ የእኔም ቢሆን። ለዚህ ነው ለኪ የምልሽ።

አምፖልን ግን ከዚያ አስወጪው። እርጥበት ለጉልበቱ አይሆነውም። አንቺ ኃላፊ አይደለሽም እንዴ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መልሺው። ባልዲውንም እንዲተው «ጓደኛህ ተው ብሎሃል» በይው። እሱ ይገባዋል።

እዚህ ብርዱ ከባድ ነው። መስታወት ክፍሌ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አስገብተውልኛል። እግሬ ይሞቃል፣ ሌላው ያው ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 22

ለአጎቴ፤

ጋሽ አምፖል ሞቷል። ሰላምታ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ስላለኝ በዚህ ጀመርኩ። በቁም ያሉ ከሆነ ቁጭ ይበሉና ያንብቡት።

ምርቃቱ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሽቦዎቹን አጋጠምኳቸው። በገዛ እጄ፣ በራሴ ፒንሳ። ማሽኑ አረንጓዴ በራ፣ ከንቲባው ሪባን ቆረጡ፣ ፎቶ ተነሣን። የየካቲት 2 ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው። ያኔ ሄጄ ልፈታቸው እችል ነበር። ነገር ግን «በጊዜው ልክ ነበር» የሚለውን አነበብኩ። አንድ ቃል ለምኜዎት ነበርና እሱን ቃልዎ አድርጌ ያዝኩት። መለኪያው ይደርሳል፣ ያኔ እናያለን ብዬ ተቀመጥኩ። ባልዲውን ተው እንዳሉትም ለጋሽ አምፖል ነገርኩት። ፈገግ አለና «እሱ እዚያ ሆኖ ተው ማለት አያቅተውም» አለኝ፤ ባልዲውን አልተወም። ወደ ቤተ መጻሕፍቱም አልመልሰውም ብሎ የጥበቃዎቹ አለቃ እምቢ አለኝ።

መጋቢት 3 ማለዳ ከባድ ነፋስ ነበር። ምሰሶው ላይ መላሹ ሽቦ ተላቀቀ። የዋና አስተማሪዋ ነጭ መኪና ተሰክቶ ነበር። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ እኔ ባጋጠምኩት መንገድ አድርጎ ወደ ሳጥኑ ብረት መጣ። ጋሽ አምፖል ባልዲውን ይዞ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ሲመለስ፣ ከዳርቻው ድንጋይ ለመውረድ ሳጥኑን ተደገፈ። ጉልበቱ እውነትም ያመው ነበር። አስተማሪዋ ሮጣ ዋናውን ብሬከር አወረደችው። አልደረሰችም።

እማዬ አራት ቀን አልቅሳለች። ባለቤቱ ግን አላለቀሰችም፤ የጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባልዲውን ታያለች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሽቦዎቹን ያጋጠምኩት እኔ ነኝ ብዬ ሳይጠይቁኝ ተናገርኩ። ጻፉት። ነገር ግን ዋናውን ምክንያት ሌላ አደረጉት። «ፓኔሉ ላይ መሬቱ ደህና ነው ተብሎ ስለተጻፈ የመሬት ሽቦው እንዳለ ይቆጠራል። ሟች ያለ ሥራው በየቀኑ ውሃ በማፍሰስ ለሞቱ ራሱ ምክንያት ሆኗል» ይላል ረቂቁ። በራሱ ጥፋት ከሞተ ባለቤቱ ከቤቱ ትወጣለች። የሁለት ወር ጊዜ ሰጥተዋታል።

መለኪያዎ ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለካሁ፤ መዋኛው መሬት የለውም ማለት ይቻላል። ወስጄ ባሳያቸው «ብረት እኮ በሃያ ዓመት ይዝጋል» አሉኝ፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት።

መለኪያ ለምኜዎት ነበር፣ ቀጥሎ አንድ ቃል ለመንኩ። አሁን የምለምነው ሌላ ነው። እዚያ መሬት ውስጥ ያለውን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም። ይጻፉት፣ ይፈርሙበት።

ብልጭታ


ሚያዝያ 20

ለብልጭታ፤

ምርቃት ለመጻፍ ድፍረት አጣሁ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የቀበርኩት እኔ ስለሆንኩ እናገራለሁ።

መዋኛው ሲሠራ እንደ አሁኑ የምርቃት ቀን ደርሶብን ነበር። ዘንጉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መዳብ ነው፤ ሙሉውን ካልቀበርሽው መሬት አይባልም። ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ፣ ከቧንቧው በስተቀኝ ሦስት እርምጃ ላይ መታነው። ክንድ ያህል ሄዶ አለት አገኘው። ዶማ አመጣን፣ መዶሻ ቀየርን፣ አልሄደም። አምፖል «ሌላ ቦታ እንቆፍር» አለ። የዚያን ዘመኑ አለቃ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እኔ የብረት መጋዝ አነሣሁና ቆረጥኩት። ከላይ አፈር መለስንበት። ከዚያ ሄጄ በሩ ላይ ያንን ጻፍኩ። ስጽፈው ነገ ተመልሼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው። ነገ ሌላ ሥራ መጣ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ። የተቆረጠውን ቀሪ አምፖል ሰው እንዳያየው በካፖርቱ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ወሰደው። ሆድ ይፍጀው ተባባልን። ሃያ አንድ ዓመት ፈጀው።

ውሃውን የሚያፈሰው ለምን እንደነበር አሁን ገብቶሻል። እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክን ለመቀበል ከደረቅ ይሻላል፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። የእኔን ውሸት በባልዲ ሊሞላልኝ ነበር። ባልዲውን ያነሣሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ገባኝ። ገብቶኝም «እርጥበት ለጉልበቱ አይሆነውም» ብዬ ጻፍኩልሽ። ራሴን የምጠላው በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ለምን አልነገሩኝም» ትዪ ይሆናል። ፈርቼ ነው። እዚህ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዩኒፎርሜ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የሚያናግረኝ ሰው ሳልሰማው ተናዶ ይሄዳል። እዚያ ግን ቀይ እርሳስ ነኝ። በሩን በከፈቱ ቁጥር ስሜን ይጠሩታል ብዬ እጽናና ነበር። አንዱ ውሸት ነው ካልኩ ሁሉም ይፋቃል መሰለኝ። ስም ልጠብቅ ብዬ ሰው አስበላሁ።

ይህንን ለአንቺ ብቻ ጻፍኩት። ኮሚቴው አይየው። ለእናትሽም አትንገሪያት። ለመሞት የቀረኝ ጥቂት ነው፣ ስሜን ይዤ ልሂድ። ለአምፖል ሚስት የምችለውን ሁሉ ከዚህ አደርጋለሁ።

ይቅር በይኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 3

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥዎ።

ትእዛዝዎን አልፈጸምኩም። ደብዳቤዎን ለኮሚቴው ሰጠሁት። ጸሐፊው የፓኔሉን በር ፎቶ ከወረቀትዎ ጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየና «አንድ እጅ ነው» አለ። ለእማዬም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ልብስ በላይ በላይ ታጥባለች።

ቦታውን ባሉት ልክ አገኘነው፣ ከቧንቧው በስተቀኝ ሦስት እርምጃ። ከሥር አለት ቢሆንም ከላይ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኗል፣ በውሃ ብዛት። ኮሚቴው ቆሞ እያየ ዘንጉን አወጣነው። አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። ዝገት የሚባል የለበትም። የጋሽ አምፖል ባለቤት ቆማ ታይ ነበርና ወደ ቤት ገብታ የበሩን መወርወሪያ ይዛ መጣች። የተቆረጠው የዘንጉ ቀሪ ነው። ሃያ አንድ ዓመት በሄዱበት ቤት ሁሉ በራቸውን የዘጉት በሱ ነበር። መሬት ላይ አስቀምጬ አገናኘኋቸው፤ የመጋዙ ጥርስ አንድ በአንድ ገጠመ።

ረቂቁ ተቀይሯል። ከቤቷ አትወጣም። አለቃችን ከቦታው ተነሥቷል፣ እኔም ከኃላፊነት ተነሥቻለሁ፤ ጉዳዬ ገና ነው። የሚገባኝን ይፍረዱብኝ፣ አልከራከርም። ሳጥኑ ተነቅሏል።

እስኪፈረድብኝ ድረስ መለኪያዎን ይዤ ከተማውን እንድዞር ፈቅደውልኛል። የጻፉባቸውን በሮች ሁሉ ከፈትኳቸው፣ ሠላሳ ስምንት ናቸው። እያንዳንዱን ለካሁ። ጋሼ፣ ሠላሳ ሰባቱ እውነት ነበር። ሠላሳ ሰባቱም እንከን የለባቸውም፣ እንደ እርስዎ የሠራ ሰው የለም። አንዷን ብቻ ነበር መንገር ያቃተዎት። እውነተኞቹንም ሳይቀር በግራጫ ቀለም ሸፈንኳቸው። ጽሑፉን እያየን መለካት ስለተውን ነው። በላያቸው ላይ «ለኩ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስሜን አልጻፍኩም።

ትናንት ለጋሽ አምፖል ባለቤት ደብዳቤዎን አነበብኩላት፣ ማንበብ ስለማትችል። ስለ ባልዲው የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለችኝ፣ ደገምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ ስምዎ ያሉትን፣ የምችለውን አደርጋለሁ ያሉትንም ሰማች። ከዚያ የደረሱኝን ሌሎቹን ደብዳቤዎችዎን አንድ በአንድ አንሥታ በእጇ መዘነቻቸው።

«ይህን ሁሉ ጽፏል» አለች። «ታዲያ አንዷን ቃል መጻፍ ይሄን ያህል ይከብዳል?»

መልሱ ካለዎት ይጻፉላት። እኔ አነብላታለሁ።

የእህትዎ ልጅ